ከጡረታ በፊት ስለ ጤና መድን ማሰብ የሚገባ መሆኑ

ሰው በጉልበቱ ዘመን ሳለ ስለ ቤቱና ስለ ልብሱ፥ ስለ ልጆቹም ትምህርት ብዙ ያስባል፤ ስለ እርጅናው ሕመም ግን አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። ይህም የሚሆነው ከስንፍና የተነሣ አይደለም፤ ጤናማ ሰው ሕመምን በሩቅ አገር እንደሚኖር ዘመድ ስለሚቈጥረው ነው። ነገር ግን ይህ ዘመድ አንድ ቀን ሳይጠራ ይመጣል። ሲመጣም ብዙ ጊዜ የሚያገኘን ከሥራ ከተሰናበትንና ገቢያችን ከቀነሰ በኋላ ነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፥ ዕድሜያቸው ወደ 60 ዓመት የተቃረበ አባቶችና እናቶች ስለ ጤና መድን ምን ማወቅ እንደሚገባቸው፥ ልጆቻቸውም ምን ሊያግዟቸው እንደሚችሉ በአጭሩ ለማስረዳት አስበናል።

ነገራችንንም ከካዛንቺስ እንጀምራለን። የዚህ ሠፈር ስም ከኢጣልያን ቋንቋ የመጣ ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው የኢጣልያ መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሆኑ ቤቶች በዚያ አሠርቶ ነበር። ቤቶቹን የሚያሠራው የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ድርጅት በአጭር ስሙ «ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበር፥ ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የአዲስ አበባ ሰው አንደበትም ቃሉን አለሳልሶ ካዛንቺስ አደረገው። ጠላት ከአገራችን ከወጣ በኋላ ሠፈሩ የአገሬው ሠራተኛ መኖሪያ ሆነ። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዑራኤል ድረስ ስንት ጸሐፊ፥ ስንት ሒሳብ ሹም፥ ስንት አስተማሪና ነርስ በዚያ ልጆቹን አሳድጎአል! እንግዲህ ስሙን ለሠራተኛ ከተሠራ ቤት ያገኘ ሠፈር፥ «ሠራተኛ ሲያረጅ ለሕመሙ መጠለያው ምንድር ነው?» ብሎ ለመጠየቅ የተገባ ቦታ ነው።

ከዑራኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ይኖሩ የነበሩ አንድ ባልና ሚስት እናውቃለን። ባልዮው በአንድ ድርጅት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው 31 ዓመት አገልግለዋል። ሚስትዮዋ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው ለጎረቤትና ለሱቅ የሚሸጡ ብርቱ ሴት ናቸው። ድርጅቱ ለሠራተኛውና ለቤተ ሰቡ የሕክምና ወጪ ይከፍል ስለ ነበር፥ በዚያ ቤት ስለ ሐኪም ገንዘብ ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

ሰውየው 59 ዓመት ሲሆናቸው የግራ ዓይናቸው ይደበዝዝ ጀመር። ሐኪሙ ተመልክቶ የዓይን ሞራ መሆኑን ነገራቸው፤ በቀዶ ጥገና እንደሚነሣም አስረዳቸው። እርሳቸው ግን የዓመቱን ሒሳብና የንብረት ቈጠራ ሳይጨርሱ ከሥራ መቅረት አልፈለጉም። ለባለቤታቸውም «ጡረታ ስወጣ ጊዜ ይኖረኛል፤ ያን ጊዜ ረጋ ብዬ እሠራዋለሁ» አሏቸው። ሚስትዮዋ «ኧረ አሁኑኑ ተሠራው፤ ዓይን ቀጠሮ አይሰጥም» ብለው መከሩ። ምክሩ ግን አልተሰማም።

በ2015 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ ጓደኞቻቸው ጋቢ አልብሰው፥ መርቀው ሸኟቸው። ሁለት ወር ያህል ካረፉ በኋላ ወደ ቀድሞው ክሊኒክ ሄደው ስማቸውን ቢናገሩ፥ መዝገብ የያዘችው ልጅ በትሕትና «አባቴ፥ ስምዎ ከዝርዝሩ ወጥቷል» አለቻቸው። ሰውየው የተሳሳተች መስሏቸው «31 ዓመት የሠራሁ ነኝ እኮ» አሉ። ልጅቱ አልተሳሳተችም። የድርጅቱ ሕክምና ከደመወዙ ጋር የተያያዘ ስለ ነበር፥ ደመወዙ በቆመበት ወር ሕክምናውም ቆሞአል። ሚስትዮዋ ለበርበሬ ወፍጮ መግዣ ሲጥሉት የኖሩት ዕቁብ በዚያው ሰሞን ደርሷቸው ነበርና ገንዘቡ ለዓይን ሕክምና ዋለ። የሰውየው ዓይን በራ፤ ወፍጮው ግን ሳይገዛ ቀረ።

ጥፋቱ የማን ነው? ሰውየው ሕግ አልጣሱም፤ ድርጅቱም ውሉን አላፈረሰም። የጐደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ይህ ሕክምና የሚያበቃው መቼ ነው?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ከጡረታ በፊት ሲጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ከጡረታ በኋላ ሲጠየቅ ግን የአንድ ዕቁብ ዋጋ አለው።

ጡረታ የሚሰጠውና የማይሰጠው

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ተደነገገ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 715 እስኪወጣ ድረስ ብዙ ጊዜ መቆያ ያደረጉት የፕሮቪደንት ፈንድ ቊጠባን ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1267፥ ለግል ድርጅት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1268 ወጥተው የቀድሞዎቹን ተክተዋል። መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። በየወሩ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፥ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘትም ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል።

የአበሉ አቈጣጠር እንዲህ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ አማካይ ይወሰዳል፤ ለ10 ዓመት አገልግሎት ከዚህ አማካይ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከ10 ዓመት በላይ ስላለው አገልግሎት ደግሞ ለመንግሥት ሲቪል ሠራተኛ በየዓመቱ 1.25 በመቶ ይጨመራል። እንግዲህ አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ፥ 30 ዓመትም ያገለገለ ሠራተኛ ቢኖር፥ 30 እና 25 ተደምሮ 55 በመቶ ይሆናል፤ አበሉም በወር 5,500 ብር ነው ማለት ነው። ይህ ሠራተኛ ለደም ግፊትና ለስኳር መድኃኒት በወር 800 ብር የሚያወጣ ቢሆን፥ ከአበሉ ከሰባት እጅ አንዱ ያህል ለመድኃኒት ብቻ ይሄዳል።

ስለዚህ አንድ ነገር በግልጽ መታወቅ አለበት። በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት የተለየ ድንጋጌ ያለ ቢሆንም፥ የጡረታ አበል ለኑሮ የተቈረጠ ነው እንጂ ለሐኪም የተቈረጠ አይደለም። ጡረታ አለኝ ማለትና የጤና መድን አለኝ ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

የመድን በሮች

የመጀመሪያው በር የማኅበራዊ ጤና መድን ይባላል። በ2002 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 690 የተደነገገ ሲሆን፥ የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞችን፥ እንዲሁም ጡረተኞችን ከነቤተ ሰባቸው እንዲያቅፍ የታሰበ ነው። ከአዋጁ በኋላ በወጣው ደንብ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፥ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ተወስኖአል። ጡረተኛው ግን ከአበሉ 1 በመቶ ብቻ ይከፍላል፤ መንግሥትም ለእርሱ ሌላ 1 በመቶ ይጨምርለታል። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ የጡረተኛው ድርሻ በወር 55 ብር ነው። አሳቡ እጅግ መልካም ነው። ሆኖም ሥራው የሚጀመርበት ቀን በተደጋጋሚ ተላልፎአል። ስለዚህ ማንም ሰው ለራሱ መዋጮው መጀመሩንና መታወቂያው መሰጠቱን ሳያረጋግጥ፥ «አዋጁ አለልኝ» ብሎ ተማምኖ መቀመጥ አይገባውም። የታወጀ መድንና በእጅ የተያዘ መድን አንድ አይደሉምና።

ሁለተኛው በር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ይህ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፥ በኦሮሚያ፥ በትግራይና በደቡብ በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ወደ አዲስ አበባም በ2010 ዓ.ም. ገባ። መሠረቱ በደመወዝ መዝገብ ላልተጻፈው ሕዝብ፥ ይኸውም ለገበሬው፥ ለነጋዴው፥ በእጁ ሥራ ለሚኖረው ነው። የሚመዘገበው አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ቤተ ሰቡ በሙሉ ነው፤ መዋጮውም በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል። መክፈል ለማይችሉ ድኾች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። አባሉ በዓመቱ ውስጥ ሲታመም፥ ውል በተገባባቸው የጤና ድርጅቶች ተመላልሶም ሆነ ተኝቶ ይታከማል።

በዚህ መድን የሚጠቀም ሰው ሥርዓቱን ማወቅ አለበት። ሕክምናው የሚጀመረው በጤና ጣቢያ ነው። የቂርቆስ ነዋሪ ለምሳሌ በካዛንቺስ ጤና ጣቢያ ይታያል፤ ሕመሙ ከዚያ አቅም በላይ ሲሆን የመላኪያ ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ወረቀቱን ሳይዙ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ግን ወጪውን በራስ ላይ ማምጣት ነው። እንዲሁም ወደ ውጭ አገር ሄዶ መታከም፥ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ጥገና፥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስተከል፥ መነጽርም በዚህ መድን አይሸፈኑም። መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው ያልተገኘ እንደ ሆነ፥ ወረዳው ከየትኛው መድኃኒት ቤት ጋር ውል እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ መታወቂያው በየዓመቱ በተወሰነው ጊዜ ካልታደሰ፥ ያለፈው ዓመት መዋጮ ለዘንድሮው ሕመም አይረዳም።

እዚህ ላይ ጡረተኛው በሁለት በሮች መካከል የቆመ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል። ሕጉ ያሰበለት በመጀመሪያው በር እንዲገባ ነው፤ በቅርብ የሚያገኘው ግን ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ወደ ወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ሲሄድ፥ ጡረተኛ መሆኑን ሳይሸሽግ፥ ባለቤቱ ወይም ባለቤትዋ የምትሠራው ሥራ ምን እንደ ሆነ ገልጦ፥ ቤተ ሰቡ በምን ስም እንደሚመዘገብ በግልጽ ይጠይቅ።

ሦስተኛው በር የመድን ኩባንያዎች የሚሸጡት የጤና መድን ነው። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፥ የግል ኩባንያዎችም በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተፈቅዶላቸው ሥራ ጀምረዋል። እንዲህ ያለው መድን በአብዛኛው ለድርጅት ሠራተኞች በጅምላ የሚገባ ውል እንጂ ለአንድ ሽማግሌ ለብቻው የሚሸጥ አይደለም። ለብቻው የሚገዛ ቢገኝም ዓረቦኑ ከዕድሜ ጋር እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ገዢው ከመፈረሙ በፊት አምስት ነገሮችን ይጠይቅ። ውሉ እስከ ስንት ዓመት ዕድሜ ይታደሳል? ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም ይሸፈናልን? በዓመት የሚከፈለው ከፍተኛው ገንዘብ ምን ያህል ነው? ሐኪሙን የሚከፍለው ኩባንያው ነው ወይስ በሽተኛው ከፍሎ ኋላ ይቀበላል? ዓረቦኑስ በየዓመቱ ሊጨመር ይችላልን? መልሱ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ተጽፎ መታየት አለበት።

አራተኛው በር ዕድር ነው። ዕድር የአዲስ አበባ ሰው በኀዘኑ ቀን የሚደገፍበት ታላቅ ምሰሶ ነው። ዳሩ ግን አብዛኛው ዕድር የተቋቋመው ለቀብርና ለለቅሶ እንጂ ለሐኪም አይደለም። በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ ለታመመ አባል የሚሰጥ ርዳታ የጨመሩ ዕድሮችም አሉ። የዕድር ዳኞች ይህን በስብሰባ ቢያነሡት፥ ሰው ሞቶ ከሚደረግለት በፊት ቆሞ ሳለ እንዲረዳ ያደርጋሉና ምስጉን ሥራ ይሆናል።

በውጭ አገር ልጅ ያላቸው ወላጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ አምስተኛ በር አለን ይላሉ። «ልጄ አሜሪካ ወስዳ ታሳክመኛለች» የሚል ቃል በካዛንቺስ ቤቶች ብዙ ጊዜ ተሰምቶአል። አሜሪካኖች በ1957 ዓ.ም. ያወጡት ሜዲኬር የተባለው መድን ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላ ሰዎች የሚያገለግል መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ለጥየቃ ለሄደ እንግዳ አይሰጥም። በቋሚ ነዋሪነት የሄደ ወላጅም፥ በራሱ ወይም በትዳር ጓደኛው በኩል በዚያ አገር የሥራ ዘመን ከሌለው፥ ገንዘብ ከፍሎ ለመግባት እንኳ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ልጆች ወላጅ ከመውሰዳቸው በፊት የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሕክምና ማን እንደሚከፍል አስበው ይወስኑ።

የሌሎች አገሮች ምሳሌ

ሕመምን በጋራ መዋጮ መከላከል አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመኖች በፈረንጆች አቈጣጠር በ1883 ዓ.ም. የሠራተኞችን የሕመም መድን በሕግ አቋቋሙ፤ ሠራተኛውና አሠሪው በየድርሻቸው የሚያዋጡበት የዛሬው ልማድ ከዚያ የመጣ ነው። በአህጉራችንም ጋና በፈረንጆች አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ የጤና መድን ሕግ አውጥታ 70 ዓመት የሞላቸውን ሽማግሎች ከመዋጮ ነፃ አድርጋለች። በሁሉም ዘንድ መሠረቱ አንድ ነው፤ ጤናማው ለታመመው፥ ወጣቱ ለሽማግሌው ይከፍላል፤ ነገ ተራው የእርሱ መሆኑን ያውቃልና። መድን የሚጠቅመውም ሰው ሳይታመም ሲገባበት ነው። ከታመሙ በኋላ ብቻ የሚገቡበት ማኅበር ግን ገንዘቡ ቶሎ አልቆ ይፈርሳል።

ከ55 ዓመት ጀምሮ ምን ይደረግ?

እንግዲህ ለአንባብያን የምንሰጠው ምክር ይህ ነው። በመጀመሪያ፥ ጡረታ ለመውጣት አምስት ዓመት ሲቀር፥ የመሥሪያ ቤታችሁን የአስተዳደር ክፍል ሕክምናችሁ በየትኛው ቀን እንደሚያበቃ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የባለቤታችሁንና የልጆቻችሁንም ጨምሩ።

ሁለተኛ፥ ደመወዝ ሳይቆም መላ ሰውነታችሁን ተመርመሩ። ዓይንን፥ ጥርስን፥ ስኳርንና ደም ግፊትን አስለኩ። ቀዶ ጥገና የሚያሻው ነገር ካለ ለጡረታ ዘመን አታቆዩት። የሥራ መብዛት ምክንያት አይሁን፤ እናንተ ጡረታ ስትወጡ ሥራው ሌላ ሰው ያገኛል፤ ዓይናችሁ ግን ተተኪ የለውም።

ሦስተኛ፥ በየወሩ ለመድኃኒት የምታወጡትን በደብተር ጻፉ፤ የሚመጣውን አበል በላይኛው ስሌት ገምታችሁ ሁለቱን አስተያዩ። ልዩነቱን ከአሁኑ በቊጠባ ወይም በዕቁብ ለመሙላት ጀምሩ።

አራተኛ፥ ከጡረታው ወር አስቀድማችሁ ወደ ወረዳችሁ ሄዳችሁ የምዝገባውን ጊዜና የዓመቱን መዋጮ እወቁ። በሕክምናችሁ ማብቂያና በአዲሱ መድን መጀመሪያ መካከል ባዶ ወር እንዳይኖር ተጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ባዶ ወር ነውና።

አምስተኛ፥ የአገልግሎት ማስረጃውን፥ የጋብቻውን ወረቀት፥ የጡረታውንና የመድኑን መታወቂያ በአንድ ቦታ አኑሩ፤ ሚስትም ባልም ቦታውን ይወቁ። ጡረተኛ ሲሞት የትዳር ጓደኛው የአበሉን ግማሽ የማግኘት መብት አለው፤ ወረቀቱ የት እንዳለ ያላወቀች ባልቴት ግን በኀዘንዋ ላይ ሌላ ድካም ይጨመርባታል።

የባልና ሚስቱ ፍጻሜ

ወደ ጀመርንበት ቤት እንመለስ። ሚስትዮዋ የዓይኑን ነገር ካዩ በኋላ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በባልትና ሥራቸው በኩል ቤተ ሰቡን በወረዳቸው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አስመዘገቡ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ሲፈርስና ነዋሪው ወደ ሌላ ሠፈር ሲዛወር፥ እነርሱም ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዱ። በዚያ ጥድፊያ ሌላው ሰው አልጋና ቁም ሣጥን ሲያስጭን፥ እርሳቸው አስቀድመው ከወረዳው መሸኛቸውን አወጡ፤ የመድኑንም መታወቂያ በመቀነታቸው ቋጥረው ሄዱ። በአዲሱ ወረዳም ዕቃቸው ገና ሳይፈታ ማዛወሪያውን ጠየቁ። ልጃቸው ብትስቅባቸው «አልጋ ቢጠፋ መሬት ላይ ይተኛል፤ ይህ ቢጠፋ ግን ሌላ ዕቁብ የለኝም» አሏት።

ባልዮውም ዛሬ ከቀድሞ ጓደኞቻቸው ጋር ቡና ሲጠጡ ስለ ድሮ ሥራቸው ብዙ አያወሩም። ዕድሜው ወደ 60 የተቃረበ ሰው ባዩ ቁጥር «ሕክምናህ መቼ እንደሚያበቃ ጠይቀሃልን?» ይሉታል። «ኧረ ገና ነኝ» ብሎ የሚመልስላቸው ሲኖርም በበራው ዓይናቸው ትክ ብለው ያዩታል። «አስቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለውን የአባቶች ተረት ሁላችን እናውቀዋለን። እኛም አንባብያንን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ይህን ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ ጥያቄውን ለራሳችሁ፥ ለአባታችሁና ለእናታችሁ አቅርቡ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።